አይኤስኦ 9001 ለአነስተኛ ድርጅት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አነስተኛ ድርጅቶችን በጥራት ሥራ ማገዝ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጫማ የሚሠሩ፣ ባልትና የሚያዘጋጁ፣ እንጨትና ብረታ ብረት የያዙ፣ ትንሽ ማተሚያ ቤት የከፈቱ አሉ። ሥራቸው ይለያይ እንጂ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። አንዳንዱ የጨረታ ማስታወቂያ አይቶ ይደውላል። አንዳንዱ ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ «በሳምንት ሰርተፍኬት እናወጣልሃለን» ስላለው ግራ ገብቶት ይደውላል። መልሶቹን እዚህ የሰበሰብኩት በላቡ ያገኘውን ብር ለማይረባ ወረቀት የሚከፍል ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።

አይኤስኦ 9001 ምንድን ነው?

የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት መስፈርት ነው። አንድ ድርጅት ደንበኛው የጠየቀውን ነገር ዛሬም፣ ከሦስት ወር በኋላም በአንድ ዓይነት ጥራት እንዲያቀርብ አሠራሩ ምን ማሟላት እንዳለበት ይዘረዝራል። ሥራውን እንዴት እንደምትሠሩ ግን አይነግራችሁም። ስለ ቆዳ፣ ስለ በርበሬ፣ ስለ ቀለም አንድም ቃል የለበትም። ለሆስፒታልም ለጋራዥም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ያወጣው ጄኔቫ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ነው። ድርጅቱ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። 9001 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1987 ሲሆን በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 ተሻሽሏል። በ2024 ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥን የሚመለከት አጭር ማሻሻያ ታክሎበታል። እኛ ፊደሎቹን እየቆጠርን «አይኤስኦ» እንላለን እንጂ፣ ድርጅቱ ራሱ ስሙን የወሰደው «እኩል» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል እንደሆነ ይናገራል። እኩል የሚለው ቃል ለዚህ ሥራ በጣም ይስማማዋል። የዛሬው ጫማ ከትናንቱ ጫማ እኩል እንዲሆን ነው ሁሉም ልፋት።

ሰርተፍኬቱ የሚሰጠው ለምርቴ ነው?

አይደለም። ለአሠራራችሁ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የምርት ማረጋገጫ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ምርቱ ራሱ ናሙና ተወስዶ፣ ላቦራቶሪ ገብቶ፣ ከምርቱ ደረጃ ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ የታሸገ ውሃ አስገዳጅ ደረጃ ካላቸው ምርቶች አንዱ ነው፤ ያንን ሳያሟሉ መሸጥ አይቻልም። 9001 ግን ጠርሙሱን አይመረምርም። ጠርሙሱን የሚሞላው፣ የሚፈትሸውና የሚያስተካክለው አሠራር መኖሩን ነው የሚያየው።

«እና 9001 ያለው ሰው ርካሽ ዕቃ ሊሠራ ይችላል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ እላለሁ። ደንበኛው በርካሽ ቆዳ የተሠራ ጫማ አዝዞ ከሆነ፣ ያንን ጫማ በተስማማችሁት መሠረት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ማቅረብ ነው ጥራት። በናሙናው አንድ ቆዳ አሳይቶ በካርቶኑ ሌላ መላክ ግን፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ ጥራት አይባልም።

በሕግ ግዴታ ነው?

9001 በፈቃደኝነት የሚያዝ ነው። ግዴታ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ነው።

አምስት ሠራተኛ ብቻ ነው ያለኝ። ይመለከተኛል?

መስፈርቱ የሠራተኛ ብዛት ገደብ የለውም። እንዲያውም ትንሽ ድርጅት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ባለቤቱ ሁሉንም ነገር በዓይኑ ያያል። ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ቅሬታ ከሱቅ ተነስቶ ማሽኑ ጋ እስኪደርስ ሳምንት ይፈጃል። እናንተ ጋ ከበሩ እስከ መቀመጫው አሥር እርምጃ ነው።

ችግሩ ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው ያለው። ሁሉም ነገር በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ ባለቤቱ ሲታመም ወይም ክፍለ ሀገር ሲሄድ ሥራው ይዛባል። «እሷ ስትኖር ሽሮው ይጣፍጣል፣ ስትሄድ ይቀየራል» የሚባል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ሥርዓት የሚያስፈልገው እሷ ባትኖርም ሽሮው ያው እንዲሆን ነው።

እውነት ለመናገር፣ ያስፈልገኛል ወይ?

ይህን ጥያቄ በደንብ ልመልሰው።

ደንበኞቻችሁ የሰፈር ሰዎች ከሆኑ፣ ካፌ ወይም ፀጉር ቤት ከሆነ ያላችሁ፣ ሰርተፍኬት ውስጥ አትግቡ። ለቅድመ ዝግጅቱ፣ ለኦዲቱ (የውጭ ሰው መጥቶ አሠራራችሁን ለሚመረምርበት) እና በየዓመቱ ለሚመጣው ክትትል የምትከፍሉትን የሚመልስ ገቢ አታገኙበትም። በዚያ ብር አንድ ጥሩ ማሽን ግዙ።

የሚያስፈልጋችሁ እንዲህ ሲሆን ነው። ለትልቅ ፋብሪካ ዕቃ ታቀርባላችሁ፤ ፋብሪካው ራሱ ሰርተፍኬት ስላለው አቅራቢዎቹን መገምገም አለበት። ወይም በምትወዳደሩበት ጨረታ ሰነዱ ላይ በግልጽ ተጠይቋል፤ አለዚያም ነጥብ ይሰጥበታል። ወይም የውጭ ገዢ ናሙናችሁን ወዶ «የጥራት ሥርዓታችሁን አሳዩኝ» ብሏል። እነዚህ ሲኖሩ ወረቀቱ ገበያ ይከፍታል።

አንድ መሐል ላይ ያለ መንገድም አለ፤ ብዙ ሰው ሲነግሩት ይገረማል። ሥርዓቱን መትከል ትችላላችሁ፣ ሰርተፍኬቱን ሳታወጡ። የሚከለክል የለም። መስፈርቱን የኢትዮጵያ ደረጃ ሆኖ ከደረጃዎች ተቋሙ ገዝታችሁ፣ አንብባችሁ፣ ሥራችሁን በዚያ ልክ አስተካክሉ። ኦዲተር የምትጠሩት ገዢ ሲጠይቃችሁ ነው። እኔ ለአብዛኛው አነስተኛ ድርጅት የምመክረው ይህንን ነው።

ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ማን ነው?

መስፈርቱን ያወጣው የጄኔቫው ድርጅት ለማንም ሰርተፍኬት አይሰጥም። «ከአይኤስኦ ከራሱ አመጣሁልህ» የሚል ሰው ካለ እየዋሸ ነው። የሚሰጡት ራሳቸውን የቻሉ የማረጋገጫ ተቋማት ናቸው።

በአገራችን ድሮ ሁሉም ሥራ አንድ ቤት ነበር፤ የኢትዮጵያ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ይባል ነበር። ደረጃ የሚያወጣውም፣ የሚፈትሸውም፣ የሚያረጋግጠውም እሱ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ለአራት ተከፈለ። አንዱ ደረጃ ያወጣል። አንዱ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው፤ ፍተሻ፣ ኢንስፔክሽንና ሰርተፍኬት የሚሰጠው እሱ ነው። አንዱ የሥነ ልክ ተቋም ነው፤ የሚዛንና የመለኪያዎችን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ። አራተኛው የአክሪዲቴሽን ተቋም ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቹ ስማቸው ተቀይሯል፤ የሥራ ክፍፍሉ ግን ያው ነው።

ከምዘና ድርጅቱ ሌላ የውጭ አገር ማረጋገጫ ተቋማትም አገር ውስጥ በወኪል ይሠራሉ። ከእነሱ ጋር ከመዋዋላችሁ በፊት ክፍያው በብር ይሁን በውጭ ምንዛሪ ጠይቁ።

አክሪዲቴሽን የሚባለውስ?

መዛኙን የሚመዝን ማለት ነው። እናንተን ኦዲት የሚያደርገው ተቋም ራሱ ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ሌላ አካል አለ። ሰርተፍኬት ስታዩ መጀመሪያ መፈለግ ያለባችሁ የዚህን አካል ምልክት ነው። ከሌለ ገዢያችሁ ላይቀበለው ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍሉ ገዢያችሁን «የየትኛውን ተቋም ሰርተፍኬት ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት።

ከምን ልጀምር?

ተመልሶ ከመጣ ዕቃ ጀምሩ።

አንድ አሥራ ሁለት ሰው የሚሠራበት የጫማ ወርክሾፕ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው፣ እጁም የተባረከ ነው። ደብተር ላይ ግን ምንም አይጽፍም። ጥግ ላይ አንድ ማዳበሪያ አየሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «ተመላሽ ነው፤ ጊዜ ሳገኝ እጠግናቸዋለሁ» አለኝ። ወለሉ ላይ ዘረገፍነውና በዓይነት በዓይነት ለየነው። አንዱ ስፌቱ ተተርትሯል። አንዱ ቁጥሩ ተሳስቷል። የበዛው ክምር ግን አንድ ዓይነት ነበር። ሶሉ ከፊት በኩል፣ ጣት የሚታጠፍበት ጋ ተላቅቋል።

ባለቤቱ ወዲያው «ማስቲሹ ነው፤ የድሮው ማስቲሽ የለም አሁን» አለ። ሠራተኞቹም ተስማሙ። ማስቲሽ ለመቀየር ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ጠየቅኩት። «እነዚህ ጫማዎች መቼ የተሠሩ ናቸው?» የሚያውቅ የለም። አንዷ ልጅ ግን የካርቶኑን ቀለም አይታ «ይሄ የፋሲካው ነው» አለች። አብዛኛው የበዓል ሰሞን ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ማስቲሽ ከተቀባ በኋላ ትንሽ መቆየት አለበት። ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን ነው ሶሉ የሚገጠመው። ከዚያም በፊት ቆዳው በብርጭቆ ወረቀት በደንብ መሻከር አለበት። በአዘቦት ቀን ሁሉም ይህን ያደርጋል። በበዓል ሰሞን ነጋዴው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ እርጥቡን ይገጥሙታል። ጫማው ሲወጣ ያምራል። ሁለት ወር ሲረገጥ ይከፈታል።

መድኃኒቱ ብር አላስወጣም። የግድግዳ ሰዓት ሰቀልን። ማስቲሽ የተቀባ ጫማ የሚቀመጥበት ጣውላ ላይ፣ የተቀባበትን ሰዓት በጠመኔ መጻፍ ተጀመረ። ሰዓቱ ሳይደርስ ማንም እንዳያነሳ ተባለ። ባለቤቱንም ይጨምራል፤ እሱ ነበር ዋናው ጥፋተኛ። የውስጥ ሶል ላይ ደግሞ የተሠራበት ወርና ሳምንት በትንሽ ማኅተም መመታት ጀመረ። በሚቀጥለው በዓል ማግስት ማዳበሪያውን ስናይ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ከጣት ቁጥር አያልፍም ነበር።

አሁን ይህን ወደ መስፈርቱ ቋንቋ ስቀይረው፣ ተመላሹን መቁጠር የደንበኛ እርካታን መከታተል ነው። ማኅተሙ ምርቱ ከየት እንደመጣ መለየት ነው። ሰዓቱና ጠመኔው ሂደትን መቆጣጠር ነው። «ማስቲሹ ነው» ብሎ ከመሮጥ ይልቅ ምክንያቱን መፈለግ፣ ከዚያ እርምጃ ወስዶ መሥራቱን ማየት ደግሞ አንቀጽ 10 ላይ የማስተካከያ እርምጃ የሚባለው ነው። ያ ሰውዬ መስፈርቱን አንብቦ አያውቅም ነበር። ግማሹን ግን ሠርቶታል።

ስንት ወረቀት ነው የሚፈለገው?

ከምታስቡት በጣም ያነሰ። የ2015ቱ እትም ድሮ ግዴታ የነበረውን ወፍራም የጥራት ማንዋል አስቀርቷል። «የጥራት ተጠሪ» የሚባል ሰው በግድ መመደብንም አስቀርቷል።

በጽሑፍ መኖር ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ሥርዓቱ የትኛውን ሥራችሁን እንደሚሸፍን፣ የጥራት ፖሊሲያችሁ፣ በቁጥር የሚለኩ የጥራት ግቦቻችሁ። ከዚያ ውጭ የምትይዙት ማስረጃ ነው፤ ማን ምን ሥልጠና እንዳለው፣ አቅራቢዎቻችሁን እንዴት እንደመረጣችሁ፣ ትእዛዙን ስትቀበሉ ምን እንደተስማማችሁ፣ ምርቱን ማን አይቶ እንዳሳለፈው፣ ጉድለት ሲገኝ ምን እንዳደረጋችሁ፣ የውስጥ ኦዲት (አሠራራችሁን ራሳችሁ የምትፈትሹበት) እና የአመራር ግምገማ (ባለቤቱ ሥርዓቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያይበት) ውጤት።

በአማርኛ ይሁን፣ በኦሮምኛ ይሁን፣ መስፈርቱ ግድ የለውም። በኮምፒውተር መሆን የለበትም። ቅጠሉ የማይቀደድ ጥሩ ደብተር ይበቃል። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ ካላችሁ ሥዕል ወይም ናሙና ስቀሉ። አንድ ማተሚያ ቤት ትክክለኛውን ቀለምና ተቀባይነት የሌለውን ቀለም በሁለት ወረቀት አትሞ ከማሽኑ በላይ ለጥፎታል። ከአሥር ገጽ መመሪያ ይሻላል።

ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ፋብሪካ ሰነድ ላይ የራስን ስም ለጥፎ ማቅረብ ግን አይጠቅማችሁም። አንድ ቦታ የባልትና ቤት ሰነድ ውስጥ «የብየዳ ክፍል ኃላፊ» የሚል አግኝቻለሁ። ኦዲተርም ያገኘዋል።

የማይመለከተኝ አንቀጽ ቢኖርስ?

ምክንያቱን ጽፋችሁ መተው ይቻላል። በተሰጠው ዲዛይን ብቻ የሚሠራ የስፌት ድርጅት የዲዛይን አንቀጹ ላይመለከተው ይችላል። ግን ምርታችሁን የሚነካ አንቀጽ መተው አይቻልም።

ሚዛኔና ሜትሬም ይታያሉ?

ይታያሉ። ውሳኔ የምትወስኑበት መለኪያ ሁሉ ትክክለኛ መሆኑ መታወቅ አለበት።

አንድ በርበሬ የምታዘጋጅ እህት ነበረች። ገዢዎቿ «ኪሎው ይጎድላል» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ፈጣሪን የምትፈራ ሰው ነች፣ ታለቅሳለች። መጨረሻ ላይ ሚዛኑ በአንድ ኪሎ ላይ ወደ ሠላሳ ግራም እንደሚዋሽ ታወቀ። ጠረጴዛው ወንፊቱ ሲነቃነቅ አብሮ ስለሚነቃነቅ ሚዛኑ ከቦታው ተዛብቶ ነበር። አሁን ሚዛኑ ብቻውን በኮንክሪት ላይ ተቀምጧል። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ባለ አንድ ኪሎ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ያነበበው ቁጥር ይጻፋል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሚዛኑ ራሱ ደግሞ በየጊዜው ወደ ካሊብሬሽን፣ ማለትም ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ወደሚነጻጸርበት ምርመራ ይሄዳል።

ካይዘን ሠርተናል። ያ አይበቃም?

ካይዘን፣ የጃፓኑ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ትልቅ መነሻ ነው። አገራችን የገባው በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ በ30 ኩባንያዎች ላይ ተሞክሮ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ2004 ዓ.ም. ነው። አምስቱን «ማ»ዎች የምታውቁ ብዙ ናችሁ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ዕቃው ቦታ ቦታውን የያዘበት ወርክሾፕ ለኦዲትም ቀላል ነው።

ልዩነቱ፣ ካይዘን የሥራ ቦታውን ከውስጥ ያሻሽላል፤ 9001 ደግሞ ከደንበኛው ጋር ከተስማማችሁበት ሰዓት ጀምሮ ዕቃው እጁ እስኪገባ ያለውን ሁሉ ይጠይቃል፣ በውጭ ሰውም ይረጋገጣል። ካይዘን የሠራችሁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጎድላችሁ የትእዛዝ አቀባበሉ፣ የአቅራቢ ግምገማውና የውስጥ ኦዲቱ ነው።

ኦዲተሩ ሲመጣ ምን ያደርጋል?

ሁለት ጊዜ ነው የሚያያችሁ። በመጀመሪያው ዙር ሰነዳችሁንና ዝግጁነታችሁን ያያል። በሁለተኛው ዙር ሥራው ቦታ ገብቶ በተግባር ያረጋግጣል። ሁለተኛው ዙር ከመድረሱ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ የውስጥ ኦዲትና አንድ የአመራር ግምገማ ሠርታችሁ መጠበቅ አለባችሁ።

ኦዲተሩ ባለቤቱን ብቻ አያናግርም። ሠራተኛውን ጠጋ ብሎ «ይሄ ዕቃ ቢበላሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ይላታል። እዚህ ላይ ባለቤቶች መልስ ያስጠናሉ። እባካችሁ አታስጠኑ። ልጅቷ ስትጨነቅ ያስታውቃል። በእውነት የምታደርገውን ትናገር። እውነቱ ደካማ ከሆነ ጉድለቱ ከእሷ ሳይሆን ከአሠራሩ ነው።

ጉድለት ቢያገኝብኝ እወድቃለሁ?

በአንድ ጉድለት የሚወድቅ የለም። ጉድለቱ ቀላል ከሆነ ምክንያቱንና የምታስተካክሉበትን ዕቅድ ታቀርባላችሁ፤ ኦዲተሩ ሲቀበለው ይታለፋል። ከባድ ከሆነ ተስተካክሎ መታየት አለበት፤ ከዚያ በፊት ሰርተፍኬት የለም። በስድስት ወር ውስጥ መስተካከሉ ካልተረጋገጠ ሁለተኛው ዙር እንደገና ይሠራል። ሲያዩት ያስፈራል፤ ግን ጉድለት ያልተገኘበት ኦዲት አላየሁም።

ስንት ጊዜና ስንት ብር ይፈጃል?

ከዜሮ ለሚጀምር ትንሽ ድርጅት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት አስቡ። ሥርዓቱ ተተክሎ ጥቂት ወራት መሥራት አለበት፤ ኦዲተሩ የሚያየው ማስረጃ የሚገኘው ከሥራው ነው።

ዋጋው እንደ ተቋሙ ይለያያል፤ የሚሰላበት መንገድ ግን አንድ ነው፤ በኦዲት ቀን። ዓለም አቀፉ የአክሪዲቴሽን ፎረም ያወጣው ሠንጠረዥ አለ። ለሁለቱ ዙሮች በድምሩ፣ እስከ 5 ሠራተኛ ላለው መነሻው አንድ ቀን ተኩል ነው። ከ6 እስከ 10 ሁለት ቀን፣ ከ11 እስከ 15 ሁለት ቀን ተኩል፣ ከ16 እስከ 25 ሦስት ቀን፣ ከ26 እስከ 45 አራት ቀን። እንደ ሥራው ውስብስብነት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ስምንት ሠራተኛ እያላችሁ የስድስት ቀን ሒሳብ ከመጣ «ለምን?» በሉ።

ሰርተፍኬቱ የሚቆየው ሦስት ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ግን የክትትል ኦዲት አለ፣ እሱም ይከፈልበታል። የትራንስፖርትና የአበል ወጪም ይጨመራል። ሰዎች የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ አስልተው ይገባሉ። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ይቸገራሉ። ከመፈረማችሁ በፊት የሦስቱን ዓመት ጠቅላላ ሒሳብ አስጽፉ።

አማካሪ መቅጠር አለብኝ?

ግዴታ አይደለም። አንድ ንቁ ሠራተኛ ሥልጠና ገብቶ መጥቶ ሊመራው ይችላል። አማካሪ ከቀጠራችሁ እንዲጽፍላችሁ ሳይሆን እንዲያሳያችሁ ይሁን። እሱ ሲሄድ ሰነዱን የሚያስረዳ ሰው ውስጥ ከሌለ በክትትሉ ኦዲት ትቸገራላችሁ።

አንድ ነገር ግን እወቁ። የሚያማክራችሁና ሰርተፍኬት የሚሰጣችሁ አንድ ተቋም መሆን አይችልም። አማክሮ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማለፍ አለበት። «ሁለቱንም እኛው እንጨርስልሃለን» የሚል ካለ ሽሹት።

«በሳምንት እናወጣላችኋለን» የሚሉኝን ልመናቸው?

አትመኑ። በዚህ በጣም ነው የምናደደው።

አንድ የብረታ ብረት ሥራ ያላቸው አባት ደጃቸውን ማንም ሳይረግጥ በኢሜይል ሰርተፍኬት ተልኮላቸው ነበር። ማኅተሙ ያብረቀርቃል። ፍሬም ውስጥ አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጨረታ ላይ አቅርበው ገምጋሚዎቹ ሲያጣሩ ተቋሙ አክሪዲቴሽን የለውም፤ ከጨረታው ወጡ። የከፈሉት ብር የሁለት ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ይሆናል። ሰውዬው አላጭበረበሩም። የገዙት ነገር ትክክለኛ መስሏቸው ነው።

ሦስት ነገር አጣሩ። ሰው በአካል መጥቶ ሥራችሁን ያያል ወይ? ሰርተፍኬቱ ላይ የአክሪዲቴሽን ምልክትና ቁጥር አለ ወይ? ያ አክሪዲቴሽን ሰጪ በድረ ገጹ ላይ ተቋሙን ለ9001 ዘርዝሮታል ወይ? ፎረሙ ያቋቋመው ሰርትሰርች የሚባል መፈለጊያም አለ፤ የሌላ ድርጅት ሰርተፍኬት ትክክለኛ መሆኑንም እዚያ ማየት ትችላላችሁ።

በርበሬና ሽሮ ወደ ውጭ ልላክ ነው። 9001 ይበቃል?

ለምግብ ብዙ ገዢ የሚጠይቀው የምግብ ደኅንነት ሥርዓትን ነው፤ ሀሳፕን ወይም አይኤስኦ 22000ን። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ የሐበሻ ሱቅ በመጀመሪያ ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ አገሩ ሲገባ ግን ናሙና ሊወሰድበት ይችላል።

በርበሬ ላይ ትልቁ ጠላት አፍላቶክሲን ነው። በደንብ ሳይደርቅ ወይም እርጥበት ባለበት የተከማቸ በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ቢፈጭም ቢቆላም በቀላሉ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ገደብ ለደረቀ በርበሬ ቢ1 ለሚባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ ለሁሉም ዓይነት በድምሩ ደግሞ 10 ማይክሮግራም ነው። በዓይን አይታይም፣ በሽታም አይለይም። ስለዚህ ዛላውን ስትረከቡ እርጥበቱን አይታችሁ፣ የሻገተውን ለይታችሁ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ላቦራቶሪ አስፈትሹ። የእያንዳንዱ ጆንያ ምንጭ ይጻፍ። አንድ ዙር ችግር ቢገኝበት የትኛውን እንደምታስቀሩ የምታውቁት በዚያ ጽሑፍ ነው።

9001ን የያዘ ድርጅት 22000ን ለመትከል ቀላል ይሆንለታል፤ የሁለቱ መስፈርቶች አደረጃጀት አንድ ዓይነት ነው።

ማሸጊያዬ ላይ «አይኤስኦ 9001» ብዬ ማተም እችላለሁ?

ምርቱ የተረጋገጠ በሚያስመስል መንገድ አይቻልም። ማስታወቂያ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ መጻፍ ይቻላል። ስትጽፉም «አይኤስኦ ያለው» ብቻ ሳይሆን ሙሉውን፣ ከነዓመቱ፣ «አይኤስኦ 9001፡2015» ብላችሁ ጻፉ። የጄኔቫውን ድርጅት ሎጎ መጠቀም ክልክል ነው። የማረጋገጫ ተቋሙን ምልክት የምትጠቀሙበት ደንብ ደግሞ ውላችሁ ውስጥ አለ።

ሦስት ዓመቱ አለቀ። ማደስ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መብታችሁ ነው። ገዢው ካልጠየቀ፣ ወይም ገቢው ወጪውን ካልሸፈነ፣ አለማደስ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለማረጋገጫ ተቋሙ በደብዳቤ አሳውቁ። ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ ምልክቱን ከበሩ፣ ከደረሰኙ፣ ከመኪናው፣ ከፌስቡክ ገጻችሁም አንሱ። ሰርተፍኬቱን አይተው የተዋዋሏችሁ ደንበኞች ካሉ ሳይጠይቋችሁ ንገሯቸው። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ቶሎ በሉ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ተቋሙ ሰርተፍኬቱን ሊመልስላችሁ የሚችለው ቀሪውን ሥራ በስድስት ወር ውስጥ ካጠናቀቃችሁ ነው። ከዚያ ካለፈ ቢያንስ ሁለተኛው ዙር ኦዲት እንደገና ይደረጋል።